«ተነሥተህ ብላ»፦ የተጎዳን ሰው በቤተ ክርስቲያን ስለ መቀበል

(በአዲስ አበባ ለልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናት አገልጋዮች በተዘጋጀ የሥልጠና ቀን ላይ የቀረበ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ነው፤ አነጋገሩ ብዙም አልተነካም።)

የተወደዳችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ እንደምን አረፈዳችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። ከኋላ ይሰማል? እንዲያውም በጣም ይሰማል መሰለኝ። የድምፅ ባለሙያው ወንድሜ፣ እባክህ ትንሽ ቀንስልኝ። የድምፅን ነገር በኋላ እመለስበታለሁና ከወዲሁ እንዳትቀየመኝ። (ሳቅ)

ከመቀሌም፣ ከደሴም፣ ከጎንደርም፣ ከነቀምቴም የመጣችሁ እንዳላችሁ ተነግሮኛል። እንኳን ደኅና መጣችሁ። ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመጣችሁልን አባቶች፣ እናንተንም በማየቴ ደስ ብሎኛል። እኔ ያደግሁት መካነ ኢየሱስ ውስጥ ነው። ሥራዬ የአእምሮ ጤና ነርስነት ነበር፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ጡረታ ሲባል ሰው የሚያርፍ ይመስላችኋል። የእኔ በር ግን የሚንኳኳው አሁን ነው።

የተሰጠኝ ርዕስ «ቤተ ክርስቲያን ከትራውማ ለሚያገግሙ ሰዎች ምን ታድርግ?» ይላል። ትራውማ ማለት ከባድ አደጋ ወይም ጥቃት በሰው ልብና ሰውነት ላይ የሚተወው ቁስል ነው። ስለ ጦርነት ነው የምናገረው። ስለ መደፈር፣ ስለ መታገት፣ ቤት ሲቃጠል ስለ ማየት፣ በሰው አገር ቤት ውስጥ ተቆልፎ ስለ መደብደብ ነው። ሦስት ነጥብ ይዣለሁ። አንደኛ፣ የተጎዳው ሰው ምን እየሆነ ነው? ሁለተኛ፣ እኛ የምንቸኩለው የት ላይ ነው? ሦስተኛ፣ ከሰኞ ጀምሮ ምን እናድርግ? ሁለተኛው ሰፊ ነው፤ ጊዜዬን የምወስደው እዚያ ላይ ነው።

አንደኛውን በአጭሩ ልጨርሰው። አደጋ ሲመጣ ሰውነታችን ሳያማክረን ነው የሚሠራው። ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል። ሰው ወይ ይሸሻል፣ ወይ ይታገላል፣ ወይ ባለበት ደርቆ ይቀራል። ደርቆ ይቀራል ያልኩትን ያዙልኝ። የተደፈረችን ሴት «ለምን አልጮኽሽም?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በየቤቱ አለ፤ በሽማግሌዎች መካከልም አለ። አልጮኸችም፣ ምክንያቱም ሰውነቷ ደርቋል። ፈቃድ መስጠት ማለት አይደለም። ይህን ለጉባኤያችሁ ንገሩልኝ።

ሌሊት ሌባ ያየ ውሻ፣ ሌባው ከሄደ በኋላም ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ይጮኻል አይደል? የተጎዳ ሰው ሰውነትም እንዲያ ይሆናል። እንቅልፍ ይነሳዋል፣ ይቃዠዋል፣ በር ሲንኳኳ ይዘላል። ነገሩ በሆነበት መንገድ ማለፍ አይችልም። ወይ በትንሽ ነገር ይቆጣል፣ ወይ ደግሞ «ልቤ ደነዘዘ፣ ልጄን እንኳ ስስም ምንም አይሰማኝም» ይላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ ያለ ነው። ብዙው ሰው ደኅንነት፣ ወገንና ሥራ ካገኘ ቀስ በቀስ ይመለሳል። ከወር በላይ ከቆየና ሥራውን፣ እንቅልፉን፣ ቤቱን ካናጋው ግን ሕመም ነውና ባለሙያ ይፈልጋል። የእምነት ማነስ ነው? አይደለም። ጋኔን ነው? ወንድሞቼ፣ ለዚህ ቸኩላችሁ አዎ አትበሉ።

በሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። እግዚአብሔር ይመስገን አልን። ነገር ግን ፊርማው የሰውን እንቅልፍ መለሰ? በዚህ አዳራሽ ደግሞ ተኩስ ዛሬም ካልቆመበት አካባቢ የመጣችሁ አላችሁ። እናንተ «ማገገም» የሚለውን ቃል ስትሰሙ ምን እንደሚሰማችሁ ይገባኛል።

አሁን መጽሐፋችንን እንክፈት። አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19። ኤልያስ ከቀርሜሎስ ማግሥት ነው። ያን ሁሉ እሳት ያወረደ ነቢይ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ክትክታ ሥር ተቀምጧል። ምን አለ? «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» አለ። መሞት ፈለገ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? እስቲ ንገሩኝ። «ትናንት እኮ እሳት አውርደሃል!» አይደል? «እምነትህ የት ሄደ?» አይደል?

መልአኩ ምን አደረገ? ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ በእንቅልፉ አልተቆጣውም። ሁለተኛ መጣና አሁንም «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው መቼ ነው? ከአርባ ቀንና አርባ ሌሊት መንገድ በኋላ፣ ኮሬብ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉን እዩልኝ። መጀመሪያ እንቅልፍ፣ መጀመሪያ እህል፣ መጀመሪያ ውኃ። ጥያቄው በኋላ! ትምህርቱ በኋላ! ተልእኮው በኋላ! እኛ ይህን ገልብጠን ነው የያዝነው። ዛሬ ያመጣኝ ይህ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንለፍ። የምንቸኩለው የት ላይ ነው?

መጀመሪያ ምስክርነት ላይ እንቸኩላለን። ከቤሩት የተመለሰች አንዲት ልጅ ነበረች። ስለ እርሷ ከዚህ በላይ አልነግራችሁም። ቤተ ክርስቲያኗ በደስታ ተቀበለቻት፤ ልብስ ተሰበሰበላት፣ ማደሪያ ተፈለገላት፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ብዙ ሳትቆይ በምስጋና ቀን ማይክ ተሰጣት። «እግዚአብሔር ያደረገልሽን ንገሪን» ተባለች። ነገረቻቸው። ስለ አሠሪዋ ቤት፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ሁሉም ነገር። ሰው አለቀሰ፣ አጨበጨበ፣ እልልታው ቀለጠ። ከዚያ በኋላ መምጣት አቆመች። ቤቷ ሄጄ ቡና ስንጠጣ ምን አለችኝ? «እትዬ፣ አሁን ሰላም ሲሉኝ እንኳ እጄን ይዘው ያለቅሳሉ። እኔ እኮ መዘምራን ልገባ ነበር የመጣሁት።»

እስቲ አስቡት። መዘምራን ልትገባ ነው የመጣችው! በክፉ አሳብ ያደረገው ማንም አልነበረም። ግን ያ ታሪክ የእርሷ ነበር፤ በአንድ ጠዋት የሁላችን ሆነ።

በሙያዬም አንድ ነገር ልጨምር። ከአደጋ በኋላ ወዲያው ሰዎችን ሰብስቦ በአንድ ጊዜ ቁጭ አድርጎ የሆነውን ሁሉ ማስተረክ በአንድ ወቅት በውጭው ዓለም በሰፊው ይሠራበት ነበር። ሲጠና በኋላ የሚመጣውን ሕመም እንደማይከላከል ታየ፤ አንዳንዱንም አባባሰው። የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። ሰው ራሱ ሊናገር ከፈለገ ስሙት። ካልፈለገ አታስገድዱት። መናገር ሲጀምርም «ከዚያስ? ከዚያስ?» እያላችሁ አትጎትቱት።

ታዲያ ዝም ብለን እንቀመጥ? አዎ! ብዙ ጊዜ አዎ። የኢዮብን ወዳጆች ሁላችን እንነቅፋቸዋለን። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ግን አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠው አንድ ቃል አልተናገሩም፤ መከራው እጅግ ታላቅ መሆኑን አይተዋልና። የተሳሳቱት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። (ሳቅ) ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን የምንማረው ከሌላ ነው እንዴ? የለቅሶ ቤት ልጆች አይደለንም? አባቴ ሲያርፍ እኔ ልጅ ነበርኩ። አንዲት ጎረቤታችን ነበረች፤ ብዙ የማታወራ ሴት። ድንኳኑ ከተነሣ፣ ዘመድ ሁሉ ከተበተነ በኋላም ትመጣ ነበር። ቡናውን ትወቅጣለች፣ ታፈላለች፣ እናቴ ካወራች ትሰማለች፣ ካላወራች ዝም ብላ ጥጥ ትፈትላለች። ሲመሽ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብላ ትሄዳለች። እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ያቺን ሴት አልረሳቻትም። በቀብሩ ላይ የሰበከው ማን እንደነበረ ግን ማናችንም አናስታውስም። ሰባኪዎች፣ ይቅርታ። (ሳቅ)

ነገር ግን ለቅሶ ቤት የማይደርስላቸው አሉ። የተደፈረች ሴት ድንኳን የላትም፤ ማንም «ነፍስ ይማር» ሊላት አይመጣም። ልጇ ጦር ሜዳ ሄዶ የት እንደ ደረሰ ያልታወቀ እናት ድንኳን የላትም። ይተከል ብትሏት ገደላችሁብኝ ትላለች፤ አይተከል ብትሏት ዓመት ሙሉ በር በር ስታይ ትኖራለች። ለእነዚህ እድሩ አይደርስላቸውም። ቤተ ክርስቲያን ግን ልትደርስላቸው ትችላለች። በዓመት አንድ ቀን፣ ስማቸው እየተጠራ የጠፉ ሰዎች የሚታሰቡበት ጸሎት ብታደርጉ ምን ይከለክላችኋል? ጉባኤው የሚያለቅስበት ቀን ቢኖረንስ?

ማልቀስ እንፈራለን። ባለፈው ወር የዘመራችሁትን መዝሙር እስቲ አስቡ። ድል፣ ድል፣ ድል። መልካም ነው። ግን መዝሙረ ዳዊት ውስጥ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚልም አለ። መዝሙር 88ን ክፈቱ፤ በአንዳንዶቻችሁ መጽሐፍ ቅዱስ 87 ነው። በጩኸት ይጀምራል፣ ጨለማ ላይ ያበቃል። መጨረሻው ላይ ሃሌ ሉያ የለውም! መንፈስ ቅዱስ ግን እንዲያው እንዳለ አስቀመጠው። ያን መዝሙር በጉባኤ ያነበበ አለ? እጃችሁን አሳዩኝ... ሁለት፣ ሦስት። አያችሁ?

ይህ ዝምታ ከቆየ ነገርም የመጣ ይመስለኛል። የእኛ አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው የቆሰሉ ናቸው። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ወደ አሥር ዓመት ገደማ ታስረዋል፤ ተገርፈዋል። በየአጥቢያው ስማቸው ያልተጻፈ ስንት አሉ? ያ ትውልድ ቻለው፤ ጸለየበት፤ ዘመረበት። ለልጆቹ ግን አላወራም። ዛሬ ፊት ወንበር ላይ ከሚቀመጡት ሽማግሌዎቻችን ውስጥ ጫማ ኮቴ ሲሰሙ የሚደነግጡ አሉ። እነርሱንም ጠይቁልኝ፤ ጉዳቱ የወጣቱ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው የምንቸኩልበት ይቅርታ ነው። እዚህ ላይ ልጠንክር፣ ፍቀዱልኝ። ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13ን አንብቡ። ትዕማር በወንድሟ በአምኖን ተደፈረች። አመድ ነስንሳ፣ ልብሷን ቀዳ፣ እየጮኸች ወጣች። አቤሴሎም ምን አላት? ዝም በዪ፣ ወንድምሽ ነው አላት። አባቷ ዳዊት ሰማ፣ ተቆጣ። ከዚያስ? ምንም! ያ ዝምታ ቤቱን በደም እስከ መበተን አደረሰው። ዛሬም አንዲት ልጅ ተደፍራ ስትመጣ «የቤታችንን ገመና አናውጣ፣ በሽምግልና እንጨርሰው፣ ይቅር በዪው» እንላለን። አንልም?

መጀመሪያ ሆስፒታል ነው! ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይሻላል። እናንተ ሽማግሌ ስትሰበስቡ 72 ሰዓት ያልፋል። እዚህ አዲስ አበባ እንደ ጋንዲ መታሰቢያ ባሉ ሆስፒታሎች ሕክምናውን፣ የምክር አገልግሎቱንና የሕጉን ጉዳይ በአንድ ቦታ የሚሰጡ ማዕከላት አሉ። በየከተማችሁ ያለውን ሆስፒታል ከዛሬ ጀምራችሁ ጠይቁና እወቁ። ይቅርታ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ በልቧ ሲደርስ ይደርሳል። ወንጀል ደግሞ ወንጀል ነው፤ ይቅር ብትለውም ሕግ አለ።

ሦስተኛው እጃችን ላይ ነው። እጅ እንጭናለን። ከኋላ መጥተን፣ ሳንጠይቅ፣ አንዳንዴም ወደ መሬት እየገፋን። በሰው እጅ የተጎዳች ሴት ዓይኗን ጨፍና ሳለች የማታውቀው ወንድ አናቷን ሲይዛት ምን ይሆናል? ትጮኻለች፣ ትንቀጠቀጣለች። እኛስ ምን እንላለን? «መንፈሱ ተገለጠ!» አይደለም። የተገለጠው ፍርሃቷ ነው። «እጄን ትከሻሽ ላይ ባደርግ ደስ ይልሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። አይሆንም ካለች ከርቀት ጸልዩ፤ ጌታ ርቀት አይከለክለውም። ሴቶችን ሴቶች ያገልግሏቸው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያለ ሐኪሙ ምክር መድኃኒቱን እንዲያቆም በፍጹም አትንገሩት። እንቅልፍ ያጣን ሰው አዳር ጸሎት አትጥሩት፤ ይተኛ። ኤልያስ ተኝቷል።

የድምፁን ነገር ላንሣ ብዬ ነበር። ማይክ ሲሰነጠቅ ተኩስ ይመስላል። ሰባኪው ዝግ ብሎ ሲናገር ቆይቶ በድንገት ሲጮኽ ደግሞ ሰው ወንበር ሥር ሊገባ ምንም አይቀረው። አንድ ቀድሞ ወታደር የነበረ ሰው አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ ውጭ ቆሞ በመስኮት ነበር የሚሰማው። ሰው ሁሉ «ልቡ ገና አልገባም» ይለው ነበር። አንድ አስተናጋጅ ወጣት ግን ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ የት ብትቀመጥ ይመችሃል?» አለው። ሰውየው ጀርባው ግድግዳ፣ በሩ ፊት ለፊት የሚታይበት ቦታ ፈለገ። ልጁም በየሳምንቱ አንዲት ወንበር እዚያ ያቆይለት ጀመር። ከወጣም ማንም አይከተለውም፤ ሲመለስ ወንበሩ አለ። ይኸው ነው። በጀት አልጠየቀም፣ ኮሚቴ አልተቋቋመለትም።

አራተኛው አንደበታችን ነው። «በጸሎት አስቧት» እንላለን፤ ከዚያ የሆነችውን ሁሉ እንዘረዝራለን። የጸሎት ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ይገባል፤ ማታ ላይ ክፍለ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። የኦርቶዶክስ አባቶች፣ በዚህ በኩል እቀናባችኋለሁ። የንስሐ አባት ሥርዓት አላችሁ፤ የሰማውን ይዞ የሚሞት ሰው ማለት ነው። ያን ጠብቁት። እኛ ደግሞ እንማር። «ስለ አንዲት እህት እንጸልይ» ማለት ለእግዚአብሔር አይበቃውም እንዴ? ስሟን ያውቀዋል።

አንደበት ካነሣሁ መድረክ ላይ የምንጸልየውንም ላንሣ። በአንድ ወንበር ላይ ሁለት እናቶች ተቀምጠዋል። የአንዷ ልጅ በዚያ ወገን፣ የሌላዋ በዚህ ወገን ሞቷል። ሁለቱም ዐማኞች ናቸው። አንተ መድረክ ላይ ቆመህ ለአንዱ ወገን ድል ስትጸልይ አንዷ እናት ምን ትበል? አሜን ትበል? በጦርነቱ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን በዚህ ምክንያት የቀሩ ሰዎች አሁንም አልተመለሱም። ሂዱና ፈልጓቸው። ክርክር ይዛችሁ ሳይሆን ቡና ይዛችሁ።

ሰዓቴ እያለቀ ነው መሰለኝ፤ ሦስተኛውን ነጥብ፣ ከሰኞ ጀምሮ የምናደርገውን፣ እሮጥበታለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጀመሪያ የሥነ ልቦና ርዳታ ሦስት ነገር ይላል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ደኅንነቱን እዩ፤ በልቷል? ማደሪያ አለው? አዳምጡ። ከዘመድ፣ ከሕክምና፣ ከሚያስፈልገው ጋር አገናኙ። በየአጥቢያው ለዚህ የሚሠለጥኑ ጥቂት ሰዎች ምረጡ። አንደበተ ርቱዑን አትምረጡ፤ ምስጢር ያዡን ምረጡ። እዚህ ከተማ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ በየክልሉም የአእምሮ ጤና ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች አሉ። ስልካቸውን ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ መጀመሪያ ቀን ግን ሰውየውን ብቻውን አትላኩት፣ አብራችሁ ሂዱ።

«መኖር ሰልችቶኛል» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ በቀጥታ ጠይቁ፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብዙዎች መጠየቁ አሳቡን የሚያስገባ ይመስላቸዋል። አያስገባም፤ የሚጠይቀው ሰው ሲያገኝ ይተነፍሳል። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ገመዱንም መርዙንም ከአጠገቡ አርቁ፤ ያኑ ቀን ወደ ሕክምና።

የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎች፣ አልጋ ላይ መሽናት ያቆመ ልጅ እንደገና ከጀመረ፣ እናቱን አልለቅ ካለ፣ ጨዋታው ሁሉ ተኩስ ከሆነ አትቅጡት። ይሣል፣ ይጫወት፣ ነገ የሚሆነውን ዛሬ ንገሩት።

እናንተስ? ስንት ሰው የቀበራችሁ መጋቢዎችና ካህናት እዚህ አላችሁ? ማን ይጠይቃችኋል? ጌታ ራሱ በአልዓዛር መቃብር ላይ «እንባውን አፈሰሰ»። እርሱ ካለቀሰ እናንተ የማትችሉበት ምክንያት ምንድን ነው? ሁለት ሁለት ሆናችሁ የምትተያዩበት ቀን ያዙ።

ሻዩ ደርሷል እያሉኝ ነው። ከሻይ በፊት በየጠረጴዛው ያለውን ወረቀት አንሡ። ሁለት ጥያቄ ጻፉበት። አንድ፣ በአጥቢያችን በር አጠገብ የሚቀመጥ ወይም ውጭ የሚቆም ሰው አለ? ሁለት፣ በዚህ ሳምንት ማን ሄዶ አብሮት ይቀመጣል? መልሱን በቡድን ተወያዩበት። የሰውየውን ስም ግን ወረቀቱ ላይ አትጻፉ፤ ወረቀቶቹን የምሰበስበው እኔ ነኝና እኔም ማወቅ የለብኝም። ተባረኩ።